«ዲፕሎይ ባደረግሁ ቁጥር ኤስኤምኤሱ ይባዛል»

ጥያቄው ከጎንደር ነው፦ «የምኖረው ማራኪ ነው። አጎቴ ፒያሳ ፔንሽን አለው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣሪያ ላይ ያሉት ሁለት ሮቶዎች መቼ እንደሚያልቁ የሚያውቅ የለም። ሴንሰር ገጥሜ፣ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ኖድ-ሬድ የሚባለውን ሶፍትዌር ጭኜ፣ የራሴን ኖድ ጻፍኩ። ኖዱ በየደቂቃው የውሃውን መጠን ያነባል፣ የእኛን ቀንና ሰዓት ይለጥፍበታል፣ ውሃው ሲያንስ ለአጎቴ ኤስኤምኤስ ይልካል። ላፕቶፔ ላይ ምንም ችግር የለበትም። ፓዩ ላይ ግን ዲፕሎይ ባደረግሁ ቁጥር መልእክቱ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እየሆነ ይሄዳል። ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። አንዳንዴ ቀኑም ይሳሳታል። ኖድ-ሬድ ራሱ ችግር ያለበት ይመስለኛል። ኮዱን በቀየርኩ ቁጥር ኤንፒኤም ላይ (ኮድ ለሁሉም የሚወጣበት የኢንተርኔት ማከማቻ) አዲስ ቨርዥን አውጥቼ ነው የምሞክረው፤ አሁን 0.0.23 ደርሻለሁ። ለጥምቀት እንግዳ ሳይገባ ጨርሼ ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ላስተዋውቀው?»

አታስተዋውቀው፤ ገና ነው። ኖድ-ሬድም ምንም አልሆነም። የዘረዘርካቸው ችግሮች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሁሉም ግን የሚገኙት ያንተው ኮድና ያንተው ፓይ ውስጥ ነው። ላፕቶፕህ ላይ «ምንም ችግር የለበትም» ያልከውም ልክ አይደለም። ችግሩ እዚያም አለ፤ ላፕቶፑ ሸፍኖልህ ነው።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ፦ ኖድ-ሬድ ኖድ የሚባሉ ሳጥኖችን በመስመር እያገናኙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ሶፍትዌር ነው። የተገናኙት ኖዶች ፍሎው ይባላሉ፤ ዲፕሎይ የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ሥራ ይጀምራሉ። ኒክ ኦሊሪና ዴቭ ኮንዌይ-ጆንስ የተባሉ ሁለት የአይቢኤም ሰዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ጀመሩት፤ በዚያው ዓመት ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ማንም የራሱን ኖድ ጽፎ ሊጨምርበት ይችላል። ደስ የሚለውም፣ ጣጣ የሚያመጣውም ይኸው ነው።

ከመባዛቱ እንጀምር። ኖድህ በየደቂቃው እንዲያነብ ሴት-ኢንተርቫል በሚባለው ትእዛዝ ታይመር ታስነሳለህ። ዲፕሎይ ስትል ኖድ-ሬድ የነበሩትን ኖዶች ያቆምና አዳዲስ ይፈጥራል። አሮጌው ኖድ ከስክሪኑ ይጠፋል፤ ያስነሳኸው ታይመር ግን አይጠፋም። እሱን የያዘው ኖድ ጄኤስ ነው፣ ማለትም ኖድ-ሬድን ከሥር ሆኖ የሚያስኬደው ሶፍትዌር፤ አቁም ያለው ሰው ስለሌለ መቁጠሩን ይቀጥላል። በመጀመሪያው ዲፕሎይ አንድ ታይመር አለ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት። አጎትህ ስልክ ላይ የሚደርሰው ቁጥር ከዲፕሎይህ ቁጥር ጋር አብሮ ያድጋል፤ ቆጥረህ አረጋግጥ።

ላፕቶፑ ላይ ለምን አልታየህም? እዚያ ኮድ ስለምትጽፍ ነው። ኮድ በቀየርክ ቁጥር ኖድ-ሬድን አጥፍተህ ታስነሳዋለህ፤ ሲጠፋ ታይመሩም አብሮ ይሞታል። ፓዩን ግን አታጠፋውም፤ ዲፕሎይ ብቻ ነው የምትጫነው። ላፕቶፑ ላይ ኖድ-ሬድን ሳታጠፋ፣ በየመሃሉ ኖዱን ትንሽ እያንቀሳቀስህ፣ ዲፕሎይን አምስት ጊዜ ተጫን። በስተቀኝ ያለውን የዲበግ መስኮት ከፍተህ አንድ ደቂቃ ጠብቅ። አንድ መስመር መውጣት ሲገባው ቢያንስ አምስት መስመር ታያለህ፤ የውሃው መጠን ያው አንድ፣ ሰከንዱ ብቻ ዲፕሎይ በተጫንክበት ልክ የተለያየ።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ማንኛውም ኖድ ሲዘጋ «ክሎዝ» የሚባል ጥሪ ይደርሰዋል። እዚያ ውስጥ ታይመሩን በክሊር-ኢንተርቫል አቁም። የከፈትከው ሌላ ነገር ካለ፣ የኤምኪውቲቲ (ሴንሰሮች መልእክት የሚልኩበት መንገድ) ግንኙነትም ሆነ ፖርት፣ እሱንም እዚያው ዝጋ። የምትዘጋው ነገር ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ስትጨርስ «ደን» የሚለውን ፈንክሽን ጥራ (ጫካው አይደለም፣ የእንግሊዝኛው «ተፈጸመ» ነው)። ካልጠራኸው ኖድ-ሬድ 15 ሰከንድ ይጠብቅሃል፤ ከዚያ ስህተት መዝግቦ ጥሎህ ይሄዳል። አትፈር፤ እኔም ተጎድቼበታለሁ። አንድ ደንበኛ ጋ ስድስት ሰባት ጊዜ ዲፕሎይ አድርጌ ወደ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ሲደውልልኝ ካርዱ አልቆ ነበር፤ የደወለው በጎረቤት ስልክ ነው።

ወደ ሰዓቱ እንለፍ። የራስፕቤሪ ፓይ ሲስተም ሲጫን ካልነገርከው በቀር የለንደንን ሰዓት ይይዛል። የእኛ ሰዓት ከለንደን በጋውን በ3 ሰዓት ይቀድማል። ቀኑ «አንዳንዴ» የሚሳሳተውም በዚሁ ነው፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ለንደን ገና ትናንት ላይ ነች። ምናልባት ኮዱ ውስጥ 3 ደምሬ ልገላገል እያልክ ይሆናል። እንዳታደርገው። እንግሊዞች ከማርች የመጨረሻ እሁድ ጀምሮ ሰዓታቸውን ወደፊት ያስኬዳሉ። ያን ጊዜ ልዩነቱ 2 ሰዓት ይሆንና የደመርከው 3 ራሱ ስህተት ይሆናል። የፓዩን የሰዓት ክልል «አፍሪካ/አዲስ አበባ» አድርገው። ግን በዚህ ብቻ አትመን። ኖድህን ነገ ሌላ ሰው ሌላ ማሽን ላይ ይጭነዋል። የሰዓት ክልሉን ኖዱ ራሱ እንዲጠይቅና፣ ካልተነገረው የአዲስ አበባን እንዲወስድ ጻፈው።

ገና ያልጠቀስከው ሌላ የሰዓት ጣጣ አለ፤ ጎንደር ስላለህ አይቀርልህም። ፓይ 4 እና ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ የላቸውም። ፓይ 5 ቦታው አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻ ይገዛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓዩ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ከኢንተርኔት ነው። መብራት መጥቶ ኔትወርክ ካልመጣ፣ ፓዩ ከመጥፋቱ በፊት ያስቀመጠውን ሰዓት ይዞ ይቀጥላል። መብራት ጠፍቶ ሦስት ሰዓት ከቆየ ሦስት ሰዓት የተሳሳተ መዝገብ ይኖርሃል፤ ማንም አያስተውለውም። ዲኤስ3231 የምትባል ትንሽ የሰዓት ሰሌዳ ከነክብ ባትሪዋ ግዛና ግጠምለት። ኮዱም ውስጥ አንድ ጥበቃ ጨምር፦ አሁን ያለው ሰዓት ቀደም ሲል ከተመዘገበው የሚያንስ ከሆነ መዝገቡ ላይ «ሰዓቱ አጠራጣሪ ነው» የሚል ምልክት ይሁን።

አሁን ልቤ ወደሚወደው ነገር፣ ወደ ካላንደሩ። ኮድህን ባላየውም የብዙ ልጆችን አይቻለሁ። ብዙዎቹ መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 ብለው ይቸነክሩታል። በአብዛኛው ልክ ነው። ግን የእኛ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የየወሩን መጀመሪያ እንዲህ የቸነከረ ኮድ ከራሷ ከጳጉሜን 6 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ በአንድ ቀን ይሳሳታል። ከማርች 1 ጀምሮ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይስተካከላል። በአራት ዓመት አንዴ መጥቶ ስድስት ወር ሳይሞላው ራሱ የሚድን በሽታ ነው። ዛሬ ብትሞክረው ላይታይህ ይችላል። ስለዚህ ዛሬን ሳይሆን ተንኮለኞቹን ቀናት ሞክር። ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ጳጉሜን 6፣ 2015 መሆን አለበት። በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር 12፣ መስከረም 1፣ 2016 ነው። ሴፕቴምበር 10፣ 2024 ጳጉሜን 5፣ 2016፤ በማግስቱ መስከረም 1፣ 2017። ለጎንደር ሰው የሚሆነው ፈተና ግን ጥምቀት ነው። ጥር 11 በ2016 ዓ.ም. የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን ነው፣ በ2017 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 19። ኖድህ በሁለቱም ዓመት ፋሲለደስ መዋኛ ላይ በትክክለኛው ቀን ከተገኘ ስሌቱ ይታመናል። ስሌቱን ራስህ መጻፍ ግዴታህ አይደለም፤ ኖዱን የምትጽፍበት ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ውስጥ ኢንትል የሚባለው ክፍል የእኛን ካላንደር ያውቃል። ብቻ እሱንም በእነዚሁ ቀናት ፈትነው።

ማሽን የማይፈታው አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውሃ አለቀ እንበል። ቀኑ የትኛው ነው? ስልክህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ይቀይራል። አጎትህ ግን «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ» ነው የሚሉት፤ ቀን የሚጀምርላቸው ሲነጋ ነው። ሁለቱም ልክ ነው። አንዱን ምረጥ፣ የመረጥከውንም የኖዱ ማብራሪያ ላይ ጻፈው። ካልጻፍከው አንድ ቀን የሂሳብ ደብተሩና ፓዩ ይጣላሉ፤ ጥፋተኛ የምትባለው አንተ ነህ።

ያላየኸው ስህተት ደግሞ ይኸውልህ። ውሃው 15 በመቶ ሲደርስ ኤስኤምኤሱ መጥቷል አይደል? 9 በመቶ ላይ እንደሚመጣ ግን እርግጠኛ ነህ? በኤምኪውቲቲ የሚመጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው። በኖዱ መስኮት የምትሞላው «20» የሚለው ገደብም ጽሑፍ ነው። ጃቫስክሪፕት ሁለት ጽሑፎችን ሲያወዳድር እንደ መዝገበ ቃላት በመጀመሪያው ፊደል ነው የሚሄደው። «15» ከ«20» ያንሳል፤ 1 ከ2 በፊት ነው። «9» ግን ከ«20» ይበልጣል፤ 9 ከ2 በኋላ ነው። ስለዚህ ሮቶው ወደ ባዶነት ሲጠጋ (ከ9 እስከ 3 በመቶ)፣ ማለትም ማስጠንቀቂያው በጣም ሲያስፈልግ፣ ኖድህ ዝም ይላል። ሁለቱንም ወደ ቁጥር ቀይረህ አወዳድር። ባዶ መልእክት፣ «አልታወቀም» የሚል ጽሑፍ፣ ከ0 በታችና ከ100 በላይ የሆነ ቁጥር ሲመጣ ምን እንደሚሆንም ፈትን። ሴንሰርህ በድምፅ የሚለካው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ውሃው በጣም ሲጠጋው ያልሆነ ነገር ስለሚያነብ ሙሉ ሮቶም መፈተን አለበት።

አሁን ስለ አሠራርህ። ለመሞከር ኤንፒኤም ላይ ማውጣት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ግን ተወው። አንዴ የወጣ የቨርዥን ቁጥር ተመልሶ አይገኝም፤ ብትሰርዘውም በዚያው ቁጥር ሌላ ማውጣት አትችልም። ከ72 ሰዓት በኋላ ደግሞ መሰረዙ ራሱ በቅድመ ሁኔታ የታጠረ ነው። ሃያ ሦስቱ ሙከራዎችህ ለዓለም ተሰጥተዋል። የኢንተርኔት ፓኬጅህም እንዲሁ ነደደ። መንገዱ ቀላል ነው፦ የኖድ-ሬድ ፎልደር ውስጥ ገብተህ ኤንፒኤም ኢንስቶል በልና ከስም ይልቅ የኮድህን ፎልደር አድራሻ ስጠው። ከዚያ በኋላ ኮድ ስትቀይር ኖድ-ሬድን ሪስታርት አድርገህ ብሮውዘሩን ማደስ ይበቃል። ሪስታርቱ ግዴታ ነው፤ ኖድ-ሬድ የተቀየረ ፋይል ራሱ አያነብም። ፓዩ ላይ ለመውሰድ ኤንፒኤም ፓክ በል፤ አንድ ፋይል ይወጣልሃል። በፍላሽ ይዘኸው ሂድ፣ ከዚያው ፋይል ጫን።

ላፕቶፑ ላይም ለሙከራ ለብቻው ፎልደር ያለው ሁለተኛ ኖድ-ሬድ በሌላ ፖርት አስነሳ። የተለመደው ፖርት 1880 ነው፤ ለሙከራው 1881 ስጠው። የአጎትህ ፓይ የሙከራ ቦታ አይደለም። ለዚህ ጠንካራ ምክንያት አለ። ኖድ-ሬድ ውስጥ ኖዶች በአጥር አልተለያዩም፤ ሁሉም አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። መልእክት ሲገባ ወዲያው የሚፈጠር ስህተትን ኖድ-ሬድ ይይዝልሃል። ዘግይቶ የሚመጣ፣ ለምሳሌ የኤስኤምኤስ አገልግሎቱን መልስ ስትጠብቅ የሚፈጠር ስህተት ግን ካልያዝከው ኖድ-ሬድን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። እዚያው ፓይ ላይ የሚሠራ የፓምፕም ሆነ የመብራት ሥራ ካለ፣ ያንተ ኖድ ሲሰናከል አብሮ ይቆማል። ስህተቱን ያዝና መልእክት ሲገባ ለሚሰጥህ «ደን» አስረክበው፤ «ካች» የሚባለው ኖድ ያየዋል።

ይኸው አጥር አለመኖር ለሌላ ሰው ኖድ ስትጭንም ይሠራል። ማንኛውም ኖድ ኖድ-ሬድ ማንበብ የሚችለውን ሁሉ ማንበብ ይችላል። የኤስኤምኤስ አገልግሎቱን የምስጢር ቁልፍ ከተራ መቼቶች ጋር ካስቀመጥከው ደግሞ ፍሎውህን ለጓደኛህ በላክህ ቁጥር ቁልፉም ይላካል። ለዚህ ክሬደንሻል የሚባል የተለየ ቦታ አለ፤ ተመስጥሮ ይቀመጣል፣ ከፍሎው ጋርም አይወጣም። እዚያ አስገባው።

ፈተናውን በደረጃ ሥራው። መጀመሪያ ስሌቱን፣ ማለትም ካላንደሩንና የውሃውን መጠን፣ ከኖድ-ሬድ ጋር ምንም የማይገናኝ ተራ ፋይል ውስጥ አውጣ። ያ ፋይል ሰዓት ራሱ አይጠይቅ፤ ከውጭ ይሰጠው። እንዲህ ካደረግህ ጳጉሜን 6ን ዓመት ሳትጠብቅ ትፈትናለህ። ኖድ ጄኤስ ከ18ኛው ቨርዥን ጀምሮ የራሱ መፈተኛ ስላለው ሌላ ነገር ማውረድ አያስፈልግህም። ቀጥሎ የኖድ-ሬድ ሰዎች ራሳቸው የሠሩት ቴስት-ሄልፐር የሚባል ፓኬጅ አለ። ትንሽ ኖድ-ሬድ አስነስቶ፣ ኖድህን ጭኖ፣ መልእክት ያስገባለትና ምን እንደወጣ ያሳይሃል። በእሱ ኖዱን ጫን፣ አውርድ፣ እንደገና ጫን፤ ከዚያ የወጣው መልእክት አንድ ብቻ መሆኑን አረጋግጥ። የመባዛቱ ችግር በዚህ ፈተና ድጋሚ አይመለስብህም። ቴስት-ሄልፐር ግን የኖዱን መስኮት በዓይንህ እንዳየኸው አያይልህም፣ የሴንሰሩን ሽቦ አያውቅም፣ መብራት አያጠፋም። እነዚህን በእጅህ ታደርጋለህ። የሙከራ ፓይ ካገኘህ ሶኬቱን ንቀል። ኢንተርኔቱን ዝጋና መልሰህ አብራ። መዝገቡን አንብብ። ከመንቀልህ በፊት ፍሎውህን ሌላ ቦታ ገልብጥ፤ ሚሞሪ ካርድ በዚህ ይበላሻል።

ይህን ሁሉ ከማለቴ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነበር፦ ኖድ መጻፍ ያስፈልግሃል? በእኔ እይታ አንድ ኖድ ሦስት ሥራ እየሠራብህ ነው። ጥሩ ኖድ አንድ ሥራ ነው የሚሠራው። በየደቂቃው ማስነሳትን ኢንጀክት የሚባለው ኖድ ይሠራልሃል፤ ታይመሩን ከኮድህ ካወጣኸው መባዛቱ ከሥሩ ተነቀለ። ሴንሰሩን ማንበብ በኤምኪውቲቲ ኖድ፣ ስሌቱ በፈንክሽን ኖድ ይለቅ፤ ደጋግመህ የምትጠቀምበት ከሆነ ሰብፍሎው (እንደ አንድ ኖድ የሚያገለግል የኖዶች ስብስብ) አድርገው። ኤስኤምኤሱንም ለብቻው አድርገው። ለሌላ ሰው የሚጠቅም፣ ኖድ መሆን የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው ያለህ፤ እሱም ካላንደሩ። ፔንሽንም ይሁን ክሊኒክ፣ የዶሮ እርባታም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሚፈልግ ሞልቷል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። የአሁኑን ኖድ ዛሬ ማታ ከፓዩ አንሳው። የካላንደር ኖዱን ለብቻው ጻፍ፣ ከላይ ባሉት ቀናት ፈትን፣ ፓዩ ላይ መብራት ሄዶ የሚመጣባቸውን ሁለት ሳምንታት አሳልፈው። ከዚያ በየትኞቹ የኖድ ጄኤስና የኖድ-ሬድ ቨርዥኖች እንደሚሠራ ፓኬጅ-ጄሰን ፋይሉ ላይ ጻፍ (ኖድ-ሬድ 4 ቢያንስ ኖድ ጄኤስ 18 ይፈልጋል)፣ ኤንፒኤም ላይ ባለህ የተጠቃሚ ስም ስር ስም ስጠውና 1.0.0 ብለህ አውጣው። ኤንፒኤም ላይ መውጣቱ ብቻውን የኖድ-ሬድ ቤተ መጻሕፍት (የኖዶች ዝርዝር ያለበት ድረ ገጽ) ውስጥ አያስገባውም፤ እዚያ ራስህ ሄደህ ማስመዝገብ አለብህ። ለጥምቀት አይደርስም። ጥምቀት እስኪያልፍ ዘበኛው እንደለመደው ጠዋትና ማታ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሮቶውን በጣቱ እያንኳኳ ይንገራችሁ።